ቅጹና ሰሌዳው፦ ታብሌት ኮምፒዩተር በመስክ መረጃ አሰባሰብ ሥራ ላይ የዋለበት ታሪክ

መግቢያ

የትምህርት ዕቅድ መነሻው ቁጥር መሆኑ የታወቀ ነው። ምን ያህል ልጆች ለትምህርት ደርሰዋል? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ወደ ትምህርት ቤት ገብተዋል? ስንት መምህር ይሠልጥን? ስንት መጽሐፍ ይታተም? አዲሱ ትምህርት ቤትስ በየትኛው ቀበሌ ይሠራ? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸውን የሚያገኙት ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ ከቤት ወደ ቤት ዞሮ፣ ጠይቆና መዝግቦ ከሚመለስ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ይህ ሠራተኛ በእጁ የሚይዘው መሣሪያ ምን ዐይነት እንደሆነና ከምን ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ ማወቅ ለመምህሩም ሆነ ለዕቅድ ባለሙያው ይጠቅማል።

ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በመስክ ሠራተኛው እጅ ከወረቀት ቅጽ ቀጥሎ የገባው መሣሪያ ታብሌት ኮምፒዩተር ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው ከሐሳብ ተነሥቶ በቆጠራና በጥናት ሥራ ላይ እስከዋለበት ጊዜ ድረስ ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ ይመለከታል። ከታሪኩም አንድ ቁም ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም መሣሪያው የሥራውን ፍጥነት የሚያሻሽል ቢሆንም ሥራው መሠራቱንና መታመኑን የሚወስኑት ግን ከመሣሪያው በፊት የሚቀድሙ ውሳኔዎች መሆናቸው ነው። የውጭ አገር ታሪኮች ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) ተገልጿል።

መሣሪያው በመሥሪያ ቤት፣ ወረቀቱ በመስክ

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1880 እ.ኤ.አ. ያካሄዱት የሕዝብ ቆጠራ ውጤት በእጅ ተደምሮና ተመድቦ እስኪያልቅ ስምንት ዓመት ያህል ፈጅቷል። የሕዝቡ ብዛት በየጊዜው እየጨመረ ስለሄደ የሚቀጥለው ቆጠራ ሳይጠናቀቅ ሌላው ይደርሳል የሚል ሥጋት ተፈጠረ። በዚያ ቆጠራ ላይ ይሠራ የነበረው ኸርማን ሆለሪት ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ያለውን መሣሪያ ሠራ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይዘጋጅና ዕድሜው፣ ጾታው፣ የትውልድ ቦታውና የመሳሰለው ሁሉ በቀዳዳ ይመለከታል። ካርዱ በመሣሪያው ላይ ሲቀመጥ ቀጫጭን ሽቦዎች በቀዳዳዎቹ አልፈው ከሥር ያለውን ሜርኩሪ ይነካሉ፤ በዚህ ጊዜ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይገጥምና ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። በ1890 እ.ኤ.አ. የተቆጠረው ወደ 63 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ ዘዴ ተደመረ። የሆለሪት ኩባንያ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 እ.ኤ.አ. አይ.ቢ.ኤም. የሚለውን ስም ያዘ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው የለወጠው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ ብቻ ነበር። ቆጣሪው ከዚያ በኋላም ወደ መንደር የሚወጣው ወረቀትና ብዕር ይዞ ነው። በመስክ የተሞላው ቅጽ በሣጥን ተጭኖ ወደ ማእከል ይመጣል፤ መልሶቹ ወደ ኮድ ይለወጣሉ፤ ከዚያም ሌላ ሠራተኛ እያነበበ ወደ መሣሪያው ያስገባል። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ስሕተት ሊገባ ይችላል። ስሕተቱ በሚገኝበት ጊዜ ደግሞ መልሱን የሰጠው ሰው በመቶ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚገኝ ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። በመስኩና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይዘጋ ቆይቷል።

የኢትዮጵያም ቆጠራዎች ያለፉት በዚሁ መንገድ ነው። የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ተካሂዶ 42.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተመዝግቧል፤ ይህ ቁጥር ኤርትራን የሚጨምር ሲሆን በጦርነት ምክንያት ቆጣሪ ሊደርስባቸው ያልቻለ ሰፊ የገጠር አካባቢዎች ሕዝብ የገባው በግምት ነው። ሁለተኛው በጥቅምት 1987 ዓ.ም. ሲካሄድ 53.5 ሚሊዮን ያህል፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ 73.8 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተቆጥሯል። በሦስተኛው ቆጠራ የአፋርና የሶማሌ ክልሎች ተራ የደረሰው ከሌሎቹ ዘግይቶ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነበር። በሦስቱም ቆጠራዎች ሠራተኛው ወደ ሕዝቡ የሄደው የወረቀት መጠይቅ በእጁ ይዞ ነው።

ኮምፒዩተር ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ

በእጅ የሚያዝ፣ እንደ ደብተር የሚከፈት ኮምፒዩተር ሐሳብ የመነጨው ከትምህርት ዓላማ መሆኑ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። አለን ኬይ የተባለው ተመራማሪ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማእከል ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ዳይናቡክ ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ገለጸ። መሣሪያው ከደብተር ያልበለጠ፣ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ግራም በታች የሆነና ልጆች የሚያነቡበት፣ የሚጽፉበትና የሚመራመሩበት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐሳቡን በሥራ ለመተርጐም የሚያስችል ስክሪንም ሆነ ባትሪ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኦስቦርን 1 ተንቀሳቃሽ ተብሎ ቢጠራም ክብደቱ ወደ 11 ኪሎ ግራም ይደርስ ስለነበር ከመኪና ወደ ጠረጴዛ ከመሸከም በቀር በእግር ለሚጓዝ ሠራተኛ የሚሆን አልነበረም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲ.አር.ኤስ.-80 ሞዴል 100 ግን በአራት ተራ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራና ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ተኩል ያነሰ በመሆኑ ከመሥሪያ ቤታቸው ርቀው በሚጽፉ ጋዜጠኞች ዘንድ ተወዳጅ ሆነ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጽን በቀጥታ በስክሪን ላይ በብዕር ለመሙላት ያስቻለውና በገበያ ላይ ቦታ ያገኘው መሣሪያ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ግሪድፓድ ነው። የሠራው ጄፍ ሆኪንስ ሲሆን ክብደቱ ሁለት ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ተጠቃሚ እንዲሆኑ የታሰቡትም በመጋዘን፣ በመንገድና በደንበኛ ቤት እየዞሩ ቅጽ የሚሞሉ ሠራተኞች ነበሩ። እንግዲህ ለተማሪ የታሰበው ሰሌዳ አስቀድሞ የደረሰው ለመስክ ሠራተኛው ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀጥተኛ አልሆነም። አፕል በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኒውተን የእጅ ጽሕፈትን በትክክል ለማንበብ ባለመቻሉ ብዙ ትችት ደርሶበት በ1998 እ.ኤ.አ. ምርቱ ተቋረጠ። ማይክሮሶፍት በ2002 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ታብሌት ፒ.ሲ. በሐኪም ቤቶችና በአንዳንድ የሥራ መስኮች ቢገባም ዋጋውና ክብደቱ እንዳይስፋፋ አድርጎታል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው አይፓድ ክብደቱ 700 ግራም ስለማይሞላ፣ በጣት ስለሚታዘዝና በአንድ ጊዜ ሙሌት የሥራ ቀን ሙሉ ስለሚያገለግል ሁኔታውን ለወጠው። ከዚያም በአንድሮይድ የሚሠሩ ርካሽ ታብሌቶች በብዛት መመረት ሲጀምሩ የታዳጊ አገሮች የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች ለመግዛት የሚያስቡት ዕቃ ሆነ።

የሦስት አገሮች ልምድ

መሣሪያ መገኘቱ ብቻ ሥራውን እንደማያሳካ በግልጽ የታየው በሀብታሚቱ አገር ነው። የአሜሪካ የቆጠራ መሥሪያ ቤት ለ2010 እ.ኤ.አ. ቆጠራ በእጅ የሚያዙ ኮምፒዩተሮችን ለማሠራት በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ውል ተዋዋለ። በ2007 እ.ኤ.አ. በተደረገው ልምምድ መሣሪያዎቹ ዝግተኛና የሚያስቸግሩ ሆነው ተገኙ። ከዚህ የከፋው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ከመሣሪያው የሚፈልገውን ነገር ወስኖ አለመጨረሱ ነበር፤ ቆጠራው ሁለት ዓመት ሲቀረው በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከ400 በላይ አዲስ ወይም የተብራሩ ፍላጎቶች ለሥራ ተቋራጩ ተላኩ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ መልስ ያልላኩ ቤተሰቦችን በአካል እየዞሩ የመቁጠሩ ዋና ሥራ ወደ ወረቀት እንዲመለስ ተወሰነ። መሣሪያዎቹ ያገለገሉት በ2009 እ.ኤ.አ. አድራሻዎችን ለማረጋገጥ ብቻ ነው።

ብራዚል በአንጻሩ በደረጃ መሄድን መረጠች። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. የእርሻ ቆጠራንና በአነስተኛ ማዘጋጃ ቤቶች የሚካሄድን የሕዝብ ቆጠራ አንድ ላይ ሲያከናውን 82,000 ያህል የእጅ ኮምፒዩተሮችን በሥራ ላይ አዋለ። ይህም ራሱ ሙሉ ሥራ ስለነበረ ቆጣሪዎቹ፣ ተቆጣጣሪዎቹና መረጃ ተቀባዮቹ ችግሩን ሁሉ በተግባር አዩት። ከሦስት ዓመት በኋላ በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. አጠቃላዩ ቆጠራ ሲጀመር ሁሉም ነገር በመሣሪያ ተከናወነ፤ 190.7 ሚሊዮን የሆነው የሕዝብ ብዛትም ዓመቱ ሳያልቅ ታወቀ።

በጎረቤት ኬንያ በነሐሴ 2009 እ.ኤ.አ. በወረቀት የተካሄደው ቆጠራ ውጤት የተገለጸው ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. በታብሌት የተካሄደው ቆጠራ ውጤት ግን በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ማለት ሦስት ወር ሳይሞላ፣ 47.6 ሚሊዮን ሆኖ ተገለጸ። ይሁን እንጂ በ2009ኙ ቆጠራ በሰሜን ምሥራቅ ወረዳዎች ቁጥር ላይ የተነሣው ክርክር በ2019ኙም ቀርቶ አላየንም የሚያሰኝ ነው፤ የአካባቢው ቁጥር እንደገና ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል። ቁጥሩ በጀትንና የምክር ቤት ወንበርን የሚወስን እስከሆነ ድረስ የክርክሩ ምንጭ በመሣሪያ ለውጥ አይደርቅም።

ታብሌት በኢትዮጵያ የመስክ ሥራ

በኢትዮጵያ ታብሌት በአገር አቀፍ ጥናት ላይ መዋሉን ከሚያሳዩት ዋና ምሳሌዎች አንዱ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ አማካይነት በተከናወነው በዚህ ጥናት ከ16,000 በላይ ቤተሰቦች ተጠይቀው መልሳቸው በታብሌት ተመዝግቧል። ቀጥሎም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ በወረቀት ይይዙት የነበረውን የቤተሰብ ማኅደር በታብሌት የመተካቱ ሥራ በተለያዩ አካባቢዎች ተጀምሯል።

ትልቁ ዝግጅት የተደረገው ግን ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ስለሚያዝ አራተኛው ቆጠራ በኅዳር 2010 ዓ.ም. እንዲሆን ታቀደ። ሙሉ በሙሉ በታብሌት እንዲካሄድ ተወስኖም ወደ 180,000 የሚደርሱ ታብሌቶች ተገዙ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በማይደርስባቸው ቦታዎች የሚያገለግሉ ተጠባባቂ ባትሪዎችም ተዘጋጁ። ቆጠራው በመጀመሪያ ወደ የካቲት 2010 ዓ.ም.፣ ከዚያም ወደ 2011 ዓ.ም. ተላለፈ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በአገሪቱ የነበረውን የጸጥታ ሁኔታና የሕዝብ መፈናቀል ምክንያት በማድረግ፣ ለአንድ ዓመት እንዲራዘም ወሰኑ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ከዚያም በኋላ ግጭቶች ተከተሉ። ኤጀንሲው ራሱ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ተብሎ ሲቋቋም ቆጠራው ገና አልተካሄደም፤ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻም አልተካሄደም።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሌላ ነገር መገንዘብ ይቻላል። የወረቀት መጠይቅ በደረቅ መጋዘን ቢቀመጥ ከዓመታት በኋላም ያገለግላል። ታብሌት ግን ሥራ ሳይሠራም ያረጃል፤ ባትሪው ይደክማል፤ የሚሠራበት ፕሮግራም ጊዜ ያልፍበታል፤ የሠለጠነው ቆጣሪም ይበተናል። ስለዚህ መሣሪያውን የመግዛት ውሳኔ ሥራውን በጊዜው ከማካሄድ ውሳኔ ጋር ተያይዞ ካልሄደ ወጪው በከንቱ ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ ለትምህርት ዕቅድ ያለው ትርጉም

ይህ ሁሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሰባት ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል የገባና ሳይደግም የተማረ ልጅ ሁሉ፣ በ2017 ዓ.ም. ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የነበረ፣ የተወለደው ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ ነው። ይህም ማለት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ክፍሎች በዕድሜው ከተቀመጠው ተማሪ መካከል በሕዝብ ቆጠራ የተቆጠረ አንድም የለም ማለት ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ የቀረው እኩያውም እንዲሁ አልተቆጠረም። የእነዚህ ልጆች ብዛት የሚታወቀው በ1999 ዓ.ም. ከተገኘው ቁጥር ተነሥቶ በሚሠራ ትንበያ ነው።

ውጤቱ በትምህርት ስታቲስቲክስ መድበሎች ላይ ታይቷል። የንጥር ተሳትፎ ምጣኔ ማለት በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ሆነው የሚማሩ ልጆች በዚያ ዕድሜ ካሉት ልጆች ሁሉ ከመቶ ስንት እንደሆኑ የሚያሳይ ስለሆነ ከ100 ሊበልጥ አይችልም። ሆኖም በአንዳንድ ክልሎች ከ100 በላይ ሆኖ የተመዘገበባቸው ዓመታት አሉ። ምክንያቱም የተማሪው ቁጥር ከትምህርት ቤት መዝገብ ሲመጣ የልጆቹ ጠቅላላ ብዛት የሚመጣው ከትንበያ በመሆኑና ሁለቱ ባለመጣጣማቸው ነው፤ በመዝገቡም ላይ የዕድሜ ወይም የብዛት ስሕተት ሊኖር ይችላል። በወረቀት ላይ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት የገቡ በሚመስልበት ወረዳ፣ ከቤት የቀረው ልጅ በዕቅድ ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ የሚማርበት ክፍል አይሠራለትም፤ መምህርም አይመደብለትም። ሕዝብ ተፈናቅሎ በሰፈረባቸው አካባቢዎች ጉዳቱ ይበልጥ የከፋ ነው።

መሣሪያው የሚጨምረውና የሚያጎድለው

ታብሌት በመስክ ሥራ ላይ ያለው ጥቅም ሊካድ አይገባም። የሰባት ዓመት ልጅ ባለ ትዳር ነው ተብሎ ቢሞላ ፕሮግራሙ ወዲያው ስለሚያስጠነቅቅ ጠያቂው መልስ ሰጪው ፊቱ ሳለ ማረም ይችላል። የማይመለከቱ ጥያቄዎች በራሳቸው ይታለፋሉ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የተሞላው መልስ በመሣሪያው ውስጥ ተጠብቆ ይቆይና ሠራተኛው ወደ ከተማ ሲወጣ ይላካል። ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ሰዓትና ቦታ ስለሚመዘገብ፣ ሳይሄዱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጽ መሙላትን ተቆጣጣሪው በቀላሉ ሊያውቅ ይችላል። በመስኩና በመሥሪያ ቤቱ መካከል የነበረው የወራት ክፍተት ወደ ቀናት ይወርዳል።

ይሁን እንጂ ወረቀት ያለው አንድ ነገር ታብሌት ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ይኸውም ኅዳግ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ፕሮግራም የአንደኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ከ10 ዓመት እንዳይበልጥ ተደርጎ ተዘጋጅቷል እንበል። ሠራተኛው ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ14 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ያገኛል። በወረቀት ቢሆን 14 ብሎ ጽፎ ምክንያቱን በኅዳጉ ላይ ያሰፍር ነበር። መሣሪያው ግን አልቀበልም ሲለው፣ ጊዜ ያጠረው ሠራተኛ 10 ብሎ ሞልቶ ያልፋል። መረጃው ከስሕተት የጸዳ መስሎ ማእከል ይደርሳል፤ ልጁ ግን ጠፍቷል። በመሥሪያ ቤት የተደነገገ ደንብ የመስኩን እውነት የማያውቅ ሲሆን መሣሪያው ስሕተቱን በአንድ ጊዜ በየቀበሌው ያሰራጨዋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለትምህርት መረጃ አሰባሰብ የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የአሜሪካው ልምድ እንዳሳየው፣ ምን እንደሚጠየቅና ለምን እንደሚጠየቅ ተወስኖ ሳያልቅ መሣሪያ ማሠራት አይገባም። ሁለተኛ፣ ብራዚል እንዳደረገችው፣ አዲስ መሣሪያ አስቀድሞ በአነስተኛ ግን በእውነተኛ ሥራ ላይ መፈተን አለበት። የትምህርት ቤቶች ዓመታዊ መጠይቅ ለዚህ የተመቸ ሥራ ነው፤ በጥቂት ወረዳዎች ተጀምሮ በየዓመቱ ሊስፋፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ ፕሮግራሙ ያልተለመደ መልስን እንዲያስጠነቅቅ እንጂ እንዳይከለክል መደረግና ሠራተኛው ምክንያቱን የሚጽፍበት ቦታ ሊተውለት ይገባል።

አራተኛ፣ መረጃው ወደ መጣበት መመለስ አለበት። በብዙ አገሮች ቆጣሪ ሆነው የሚሰለፉት መምህራን ናቸው፤ በሩዋንዳ በ2022 እ.ኤ.አ. በታብሌት በተካሄደው ቆጠራ ከቆጣሪዎቹ አብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ነበሩ። በየዓመቱ የትምህርት ቤቱን ቅጽ የሚሞላውም ርእሰ መምህሩ ነው። የሞላው ቁጥር ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ጋር ተነጻጽሮ ተመልሶ ቢደርሰው ለትክክለኛነቱ ይጠነቀቃል፤ ተልኮ የሚቀር ከሆነ ግን በወረቀትም ይሁን በታብሌት ለይስሙላ መሞላቱ አይቀርም።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚቀድመው ቆጠራው መካሄዱ ነው። አንድ ወረዳ ወይም አንድ ትምህርት ቤት የአገሪቱን ቆጠራ ሊያካሂድ አይችልም። ይሁንና ቆጠራው እስኪካሄድ ድረስ መምህራን ከቀበሌ አስተዳደርና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው በትምህርት ቤቱ ክልል ውስጥ ያሉትን ለትምህርት የደረሱ ልጆች ከቤት ወደ ቤት ዞረው በስም ሊመዘግቡ ይችላሉ። ለዚህ ሥራ ታብሌት ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም አንድ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። የዕቅድ ባለሙያው በበኩሉ በትንበያ የተገኘውን ቁጥር ከእንዲህ ዐይነቱ መዝገብ ጋር ማስተያየትና ልዩነት ባገኘበት ቦታ ሁሉ ወደ መስኩ ተመልሶ መጠየቅ ይጠበቅበታል።